የአንካሳው እርምጃ

መንደሩ ሁሉ ባለቦሎቄዋ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሟች ባሏ ነው፤ ማሽላውን የሚዘራው እሱ፣ ቦሎቄውን የምትተክለው እሷ ስለነበረች። እሱን ደግሞ አንካሳው ነበር የሚሉት፣ ያውም ፊት ለፊቱ፣ እሱም አቤት ይላል። ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ግራ እግሩ አጥሮ ቀርቷል።

አንካሳ ሰው በእጁ ሲዘራ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። በብተና የሚዘራ ገበሬ እግሩና እጁ አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዴ ሲራመድ አንዴ ይበትናል። እሱ በደህናው እግሩ ሲረግጥ ዘሩ ወግ ባለው መንገድ ይበተናል። በአጭሩ እግሩ ሲረግጥ ግን ትከሻው ዝቅ ይልና የዘገነው እዚያው እግሩ ሥር ይወድቃል። ማሳው ሲበቅል ታዲያ በየሁለት እርምጃው አንድ ራሰ በራ ቦታ ይወጣበታል። ያላሾፈበት ሰው የለም። እሱ ግን መልስ አያጣም፤ "ለቦሎቄ የተውኩት ነው" ይላል። እሷም በየራሰ በራው ቦሎቄ ትተክልበታለች። የሚስቁት ሰዎች መሬት በየዓመቱ እየከሳ ሲሄድ የነሱ አፈር ቦሎቄው እየመገበው ለስላሳ እንደሆነ ቀረ። ዝናብ አጥሮ ማሽላው የከዳ ዓመትም ቦሎቄው አብልቷቸዋል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ሲዘራ እሷ ከኋላው ዱካ በዱካ እየተከተለች ጓል ትከሰክሳለች። ዳገቱ ጋ ሲደርሱ፣ "ቀስ በል አንተ" ትለዋለች። መቼ ሰምቷት ያውቃል።

ባለፈው በጋ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። እንባዋ ሳይደርቅ የባሏ ታናሽ ወንድም መጣና፣ መሬቱ የአባታችን ነው፣ ሴት ብቻዋን ዘርታ አታውቅም፣ ባህር ዛፍ ልተክልበት ነው አለ። ባህር ዛፍ አይታረም፣ አይኮተኮት፣ ተክሎ መተኛት ነው። የማሳው ግርጌ ያለችው ምንጭ ግን ባህር ዛፍ ከተተከለ ሁለት ዓመት እንደማትቆይ እሷ ታውቃለች። ሌላ የምትበላበት መሬትም የላትም።

ነገሩ ለመንደሩ ሽማግሌ ቀረበ። "አንድ ክረምት ትዝራ" አሉ ሽማግሌው። "ማሳውን ሙሉ አድርጋ ካበቀለችው የሷ ነው። እንደ ሟቹ ራሰ በራ ካወጣችው ለወንድሙ ትለቃለች።"

ይኼ ምን ያስቸግራታል? ሁለቱም እግሯ ደህና ነው። የሁለት ሰዓት መንገድ ሸክም ይዛ ትሄዳለች፣ አንድ ቀን አነከሰች ተብሎም አያውቅ።

ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ወለል ብላ ሳለ፣ ብቻዋን ዘራች። እርምጃዋን እየቆጠረች፣ እጇን እየመጠነች። መሃል ስትደርስ ከፊቷ ሰው የሚሄድ መሰላት። ኮቴው ይሰማታል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ቀጥ ብላ ቆመች፤ ኮቴውም ቆመ። ቀና ብላ ብታይ ማንም የለም። ነፋስ ነው አለች። ነፋስ አልነበረም፤ ከቋጠሮዋ ያመለጠ ገለባ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ፈራች። ግን ዘር ተጀምሮ አይተውም፣ ቀጠለች።

ማሽላው በቀለ። ከማሳው ራስ እስከ ግርጌ፣ በየሁለት እርምጃው፣ ራሰ በራ።

ጎረቤቷ ከምንጭ ስትመለስ አየችውና ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች።

"ማን ነው የዘራልሽ?"

"እኔ ነኛ።"

"አንቺስ አይደለሽም እህቴ" አለች ጎረቤቷ፣ ጀሪካኑን አንስታ በሌላ መንገድ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማሳው ዳር ሰው ሁሉ ማለፍ ተወ።

ባለቦሎቄዋ ማሳው መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች። መሬቷ ሄደ፣ በቃ። ተናደደችበትም። "በቁምህ አላሳረፍከኝ" አለችው፤ "ሞተህ እንኳ አታሳርፈኝም?"

የፍርዱ ቀን ደረሰ። ሽማግሌው መጡ፣ ሰው ተከተላቸው፤ ወንድምየውም የባህር ዛፍ ችግኝ በጆንያ ተሸክሞ መጣ። እኩለ ቀን ነው። ማሳውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ልጄ" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "ይኼን ማን ነው የዘራው?"

ልብ በሉ እንግዲህ። ሟቹ ነው ብትል ማን ይነካት ነበር? ወንድምየው እንደሆን ደንግጧል፣ እሷም አይታዋለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀራት። አልሆነላትም።

"እኔ ነኝ አባባ።"

"እስቲ እንደዘራሽው ሄደሽ አሳዪን።"

አፈር ዘግና ማሳው ዳር ባለው ባዶ እርሻ ላይ ሄደች፣ እንደ ዘር እየበተነችው። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ ዞር ስትል ሰው ሁሉ እግሯን ያያል።

"ምን ሆናችሁ?" አለች።

ጎረቤቷ አፏን በእጇ ይዛለች። "አንቺ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነክሺው?"

ጎንበስ ብላ ዱካዋን አየች። ቀኙ ጠልቋል፤ ግራው ላይ ላዩን ነክቶ ወደ ውጭ ዞሯል፣ ልክ እንደሱ። ሠላሳ ዓመት ዱካውን እየረገጠች እግሯ ለምዶት ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን። እኔ ግን የግራው ዱካ ከሷ ጫማ ሰፋ ያለ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የሚሉትም ዋሾ ሰዎች አይደሉም።

ወንድምየው ዱካው አጠገብ ተንበረከከ።

"አልወደቀም" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። "ከዛፉ የገፋሁት እኔ ነኝ። ለአባታችን ወደቅሁ ብሎ ዋሸልኝ።"

ጆንያውን እዚያው ጥሎ ሄደ።

"መሬቱ ለዘራው ነው" አሉ ሽማግሌው። ለዘራችው አላሉም፤ ለዘራው ነው ያሉት። ያረማቸው የለም።

ሰው ሲበተን ባለቦሎቄዋ ቤቷ ገብታ ቦሎቄዋን በቁና ይዛ ወጣች። በየራሰ በራው ሁለት ሁለት ፍሬ እየጣለች ወደ ላይ ሄደች። ዳገቱ ጋ ስትደርስ ግራ እግሯ ቀደማት። ቆም ብላ አየችው።

"ቀስ በል አንተ" አለችው።

እግሯም ጠበቃት።