«እሺ» ብቻ የቀራቸው መሪጌታ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንኮበር ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። አምና ስትሮክ ሲመታቸው ደብረ ብርሃን፣ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ከአንደበታቸው የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «እሺ»። እምቢተኝነታቸውን ለሚያውቅ ሰው ይኼ ራሱ ተአምር ነው።

ጠዋት የግፊት ክኒናቸውን ከውኃ ጋር ራስጌያቸው አስቀምጬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ፣ «አባዬ፣ መድኃኒትዎን ዋጡት?» እላለሁ።

«እሺ» ይላሉ። ደስ ይለኛል።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግን ግፊታቸው እንደ ጉድ ጨምሯል። ነርሷ ደነገጠች። «እንዲህ ከቀጠለ ድጋሚ ይመታቸዋል። አባባ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«እሺ።»

«ወይስ ይተዉታል?»

«እሺ።»

ነርሷ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ማኅሌት ይሰማል። አባቴ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ አብረው ያዜማሉ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መናገር ያቃተው ሰው እንዴት ያዜማል? እስቲ ልሞክረው አልኩና፣ በልጅነቴ ከደጅ ሆኜ የሰማሁትን ዜማ እያስታወስኩ፣ በዚህ ሻካራ ድምፄ እየጎተትኩ ጠየቅኋቸው።

«አባዬ ሆይ... መድኃኒትዎን... ውጠዋል ወይ...?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በዚያ በሚያምር ዜማቸው፣ እየሳቡ መለሱልኝ።

«አልዋጥኩትም... ልጄ... ዜማውንም... አበላሸሽው።»