የዝናሽ ዶሮ የታመመች ዕለት

በላይ አረቄ መተዉን መካነ ሰላም ውስጥ ያላመነ ሰው ማን ነው ቢባል፣ ገበያው በሙሉ ነው። የንስሐ አባቱ ከገዘቱት ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም፤ ሰዉ ግን «ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስ አይተውም» እያለ መውደቂያውን ይጠብቃል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ክፉ አፍ ያናድደኛል። እውነቱን ለመናገር ሚስቱ ዝናሽም ልቧ ገና አላረፈም። ድሮ ብቻውን ትታው ሌላ ቦታ አድራ አታውቅም። ዘንድሮ በሁዳዴ ግን ደጎሎ ያለችው እህቷ ወለደችና፣ ቤቱን ለእሱ ጥላ አራስ ልትጠይቅ ሄደች።

«ዶሮዬን አደራ» አለችው ሚኒባስ ውስጥ ሆና። «ስመለስ ሁለታችሁንም ደህና ላግኝ።»

በላይ ዶሮዋን እንደ ሕፃን ጠበቃት። ዝናሽ በምትመለስበት ቀን ረፋድ ላይ ጓሮ ብቅ ሲል፣ ያቺ ቀይ ዶሮ አንገቷን ጠምዝዛ ግድግዳ ተደግፋለች። ልትራመድ አንድ እግሯን አነሳች፤ የት እንደምታሳርፈው ጠፋት፤ ወደ ጎን ተንገዳገደችና የውሃ ገንዳው ውስጥ ገባች።

በላይ ክው አለ። አረቄውን ችሎ ችሎ በዶሮ ሊዋረድ ነው። አውጥቶ በጋቢው አደራረቃትና ማዶ ያለውን አሕመድኑርን በአጥር ላይ ጠራው።

አሕመድኑር መጥቶ ዞሮ ዞሮ አያት። «ፈንግል ነው» አለ። «አንገት ካጣመመ ፈንግል ነው፣ ወላሂ! ሳትሞት እረዳት።»

«በሁዳዴ? ማን ሊበላት? ከፈለግህ አንተ እረዳትና ውሰዳት።»

«የታመመ ዶሮ ለጎረቤት ይሰጣል እንዴ? አንተ ሰው፣ አላህን ፍራ!»

«ደግሞስ» አለ በላይ ሐሳቡን ቀይሮ፣ «ዝናሽ ስትመጣ የዶሮዋ ወጥ ካንተ ቤት ቢሸታት ምን ልላት ነው?»

ጩኸታቸውን ሰምታ ከጓሮው ጀርባ ጠላ የምትሸጠው ስመኝ መጣች። ዶሮዋን እንኳ በቅጡ ሳታይ፣ «ጋሼ በላይ፣ ይሄ ቀላል ነው። ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ይጋቷት። እናቴ ስንቱን አድናበታለች» አለች። የተደቆሰ ሽንኩርት፣ ማንኪያና ጠርሙስ አምጥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ደንበኛ ጠርቷት ሮጠች።

ሁለቱ ሰዎች ጠርሙሱን ከበው ቆሙ።

«ቅዳ» አለ በላይ።

«እኔ? ሐራም ነው፣ አልነካም። አንተ ቅዳ።»

«ተገዝቻለሁ እኮ!»

«ለዶሮ ነው የተገዘትከው?»

«ለጠርሙሱ ነው!»

እኔ ይሄን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ሳይ ነበር። ዶሮዋ እየሞተች እነሱ ሃይማኖት ሲከራከሩ ትዕግሥቴ አለቀና ገባሁ። ግዝትም የለብኝ፣ ሐራምም አይከለክለኝ። አሕመድኑር ክንፏን፣ በላይ መንቁሯን ያዙልኝ፤ እኔ አንድ ማንኪያ አንቆረቆርኩላት። እሷም አስነጠሰችና ግማሹን የበላይ ጋቢ ላይ ተፋችው። እኔ ደግሞ የተተፋውን ለማካካስ ሌላ ጨመርኩላት።

ዶሮዋ ብድግ አለች። መጥረጊያውን ተሳደበች፤ የአሕመድኑርን ጫማ ደጋግማ ነከሰች፤ ሴት መሆኗን ረስታ እንደ አውራ ዶሮ ልትጮህ አንገቷን ስትመዝ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ በጀርባዋ ተዘረረችና እግሯን ወደ ሰማይ ሰቀለች። እኔና አሕመድኑር ሳቅ ሊገድለን ደረሰ።

በላይ ግን አልሳቀም። «ቆዩ» አለ። «ግድግዳ መደገፍ፣ መሬቱ መዞር፣ ከሚረዳህ ሰው ጋር መጣላት… ይሄን በሽታ እኔ አውቀዋለሁ!»

ወደ ስመኝ አጥር ሄደ። ጠዋት የደፋችው የጠላ አተላ ክምር ላይ የዶሮ እግር ከዳር እስከ ዳር ታትሟል። ለካ ዶሮዋ ሰክራ ነው የመጣችው፤ መድኃኒት ብለን የደገምንላት እኛ ነን።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ዝናሽ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። አረቄው ከጋቢው ላይ እስከ ደጅ ይሸታል። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

«እኔ አይደለሁም» አለ በላይ። «ዶሮዋ ናት።»

መካነ ሰላም ከተቆረቆረች ጀምሮ እንዲህ የማያሳምን ቃል አልተነገረባትም። አሕመድኑር «ወላሂ እውነቱን ነው!» ብሎ የተነከሰ ጫማውን ለማስረጃ አነሳ።

ዝናሽ ወደ ባሏ ቀረበች። «እስቲ እፍ በል።»

እፍ አለ። ሽሮ ብቻ ሸተተ። ትንፋሽ ሲመለስላት ሁላችንም ሰማን። ከዚያ ዘንቢሏን አስቀምጣ ዶሮዋ አጠገብ ተንበረከከች። ማንንም ሳትጠይቅ በጎኗ አጋደመቻት፤ ጨርቅ አጥፋ ከአንገቷ ሥር አደረገችላት፤ ውሃ በጣሳ አቀረበችላትና የነጠላዋን ጫፍ ጣል አደረገችባት።

«በጀርባዋ ከተኛች ያንቃታል» አለች። «ስትነቃ ይጠማታል። ታፍራለችም፤ አትሳቁባት።»

ሳቃችን ቆመ። በላይ የምትሠራውን እጇን ሲያይ ቆየ። ራሱን ስቶ በወደቀባቸው ሌሊቶች ምን እንደሚደረግለት ከቶ አላወቀም ነበር።

«እኔንም እንዲህ ነበር የምታስተኚኝ?» አላት።

«አይ፣ አንተማ ትከብዳለህ፤ እስካገላብጥህ ይነጋ ነበር።»

በላይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አለቀሰ፤ አይቼዋለሁ። አሕመድኑር «አብሽር» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። ዝናሽ ዶሮዋን ስትጠብቅ፣ እሱ ከመንገድ ለገባችው ሚስቱ ምሳ ሊያሞቅ ወደ ጓዳ ገባ።