ሦስታችንንም ይነዝረን የነበረው ቤት

ዓረብ አገር፣ ሲብ የምትባል ከተማ ባሕር ዳር ባለው አሮጌ ቤት በቤት ሠራተኝነት ስሠራ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ በከፈትኩ ቁጥር ጣቶቼን ይቆጠቁጠኝ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም፤ እጄ ሲረጥብና ባዶ እግሬን ስሆን ይብሳል። ጉንዳን በክንዴ ውስጥ ሽቅብ የሚሮጥ ይመስለኛል፣ እጄን መንጭቄ ሳነሳው ይተወኛል። ማቢላ በሚባል ሰፈር የውበት ሳሎን ውስጥ ለምትሠራው የአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኳት።

«ነርቭ ነው፣ ቫይታሚን ግዢ» አለችኝ። «ደግሞ ለአሠሪዎችሽ እንዳትነግሪ። ታማለች ብለው ይሸኙሻል።»

አልነገርኩም። ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ ይዤ መክፈት ለመድኩ።

ቤቱ ውስጥ የምንኖረው እኔና ማማ የምላቸው አሮጊት ብቻ ነበርን። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያሠሩት ቤት ነው። የባሕሩ አየር ያልበላው ነገር አልነበረም፤ የበሩ ማጠፊያ፣ የመስኮቱ ብረት፣ የማማ የልብስ ስፌት መርፌ ሳይቀር ይዝጋል። ልጃቸው ከተራራው ማዶ አል አመራት በምትባል ከተማ ትልቅ ቤት ሠርቶ በየጁምዓው እየመጣ «ኡሚ፣ እኔ ጋ ግቢ» እያለ ይለምናቸዋል። እሳቸውም «ከተራራው ወዲያ ምን አለ? ድንጋይ!» ይሉና ወሬውን ይለውጣሉ።

አንድ ቀን የጎረቤቶቻችን ወጥ ቤት ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ግድግዳቸው ጠቁሮ፣ ፍሪጃቸው ቀልጦ አየን። ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ነው ሲባል የማማ ልጅ ደነገጠና በሳምንቱ አንድ ባለሙያ ይዞ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ ሕንዳዊ ነው፤ ብዙ ዓመት እዚሁ ስለሠራ ዓረብኛው ከእኔ ይሻላል።

«ዛሬ የማየው በዓይን ብቻ ነው። ክዳን እከፍታለሁ እንጂ የምፈታው ነገር የለም» አለ።

አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በሌላው ባትሪ ይዞ፣ እቃ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ከክፍል ክፍል ዞረ። እኔ በሮቹን እየከፈትኩ ተከተልኩት። ይሄም ሥራ ሆኖ ይከፈልበታል ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ከፍሪጁ ኋላ ያለው ሶኬት በሙቀት ቡናማ ሆኗል። የልብስ ማጠቢያው ገመድ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ሰውየው አየት እያደረገ አለፈ። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን የብሬከር ሳጥን ሲከፍት ግን ፊቱ ተለወጠ። ቀጥሎ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ከኤሲው ሥር ተንበርክኮ አፈሩን በዓይኑ ፈተሸና ልጃቸውን ጠራው።

«ይህን ሽቦ ታየዋለህ?»

ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ምንም ነገር አልያዘም።

«ከውኃ ማሞቂያው ቦይለርም ከማጠቢያውም የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ይሄ ነበር። ጨው በልቶታል። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ መብራቱን የሚቆርጠውን ብሬከርም አንድ ሰው በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ከሥራ ውጭ አድርጎታል። እያጠፋ ቢያስቸግረው ይሆናል።» ቀና ብሎ አየን። «ቤት ውስጥ ስትነኩት የሚነዝር ነገር አለ?»

«ማፊ፣ ምንም የለም» አለ ልጃቸው ፈጠን ብሎ። ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ... ፍሪጁ አንዳንዴ ይወጋኛል። ከጫማዬ መስሎኝ ነው። በልብሴ እጅጌ ነው የምከፍተው።»

በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩት ማማ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«ቧንቧው እኔንም ይነክሰኛል» አሉ። «ከስኳር በሽታዬ ነው ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ልጃቸው።

«አባትህ ከሞተ ወዲህ።»

«ኡሚ! በየጁምዓው እንዴት ነሽ ስልሽ አልሐምዱሊላህ ትይኝ የለም እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሞሻል ብለህ አመራት ልትወስደኝ!»

«እኔንም ይነዝረኛል» ብዬ ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ አንዷ በጨርቅ፣ አንዱ በእጅጌ፣ አንዷ ጥርሷን ነክሳ፣ ሦስታችንም ያንኑ ነገር ስንደባበቅ ኖረናል።

ባለሙያው ወደ ውስጥ ገባና ዋናውን ማብሪያ አጠፋ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ።

«ኻላስ፣ በቃ» አለ። «እስኪሠራ ድረስ እዚህ ቤት ማንም አይደር። ቦይለሩ ትንሽ ብቻ ቢብስበት ኖሮ...» አልጨረሰውም።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የታየኝ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ማማን የማጥባቸው እኔ ነኝ። ብረት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ቦይለሩ በርቶ፣ ሁለታችንም ከራስ እስከ እግር ረጥበን፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው፣ እኔ ቧንቧውን ይዤ።

ማማ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ቢንቲ፣ ልጄ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ወድቀሽ ብትገኚ ለእናትሽ ምን ብዬ እደውል ነበር?»

«እርስዎስ ማማ፣ በእጄ ላይ ቢሞቱ ማን ያምነኝ ነበር?» አልኩ። እንዲህ ደፍሬ አናግሬያቸው አላውቅም።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ይህ ታስቧቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጃቸውም አየኝና ዓይኑን አሸሸ።

በዚያው ቀን ወደ አመራት ሄድን። መኪና ውስጥ ማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ፤ የፈሩት ደረሰባቸዋ። ልጃቸው «ሲሠራ ትመለሻለሽ» ቢላቸውም አላመኑትም። እዚያ ስንቀመጥ ምግቡም አልጥም አላቸው። እኔም በእንግዳው ወጥ ቤት ቧንቧ ፊት ቆሜ እጄን ለመስደድ አመነታ ነበር። ለልጃቸው ሚስት ምክንያቱን ማስረዳት አፈርኩ።

ልጃቸው ግን ቃሉን ጠበቀ። ሽቦው በሙሉ ተቀይሮ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ አዲስ ዘንግ ተቀብሮ፣ ቦይለሩም ተለውጦ ወደ ሲብ መለሰን። ባለሙያው ሊያስረክበን መጥቶ አዲሱን ብሬከር አሳየን። እላዩ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለችው።

«በየወሩ ይህቺን ተጫኗት። የቤቱ መብራት በሙሉ ከጠፋ ደህና ናችሁ» አለ፤ ተጫናትና ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ማማ ጮኹ።

መልሶ ሲያበራው ወደ ሳጥኑ ቀረብ አሉ፣ ጣታቸውን በሻርፓቸው ጠረጉና «እኔ ልሞክር» አሉት።