ሳይረንና የመስኮቱ ሌባ

ሳይረን ብለው ስም ያወጡለት የጋዜጣው ባልደረቦቹ ናቸው። ፖሊስ መኪናውን ሳያስነሳ እሱ ስርቆት የተፈጸመበት ቦታ ደርሶ፣ ደብተሩን ዘርግቶ ይገኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የወንጀል ዜና ሲያሳድድ ኖሯል። ገና በር ላይ ቆሞ «ይሄ የውስጥ ሰው ሥራ ነው!» ማለት ይወዳል። ግማሹን ጊዜ ይሳሳታል፤ ቢሆንም አባባሉ ያምርበታል።

ዘንድሮ ግን ነገር ጠመመበት። በመስኮት እየገባ ቤት የሚያራቁት አንድ ሌባ ከተማዋን አራት ወር አመሳት። ዋና አዘጋጁ፣ ሳይረን ራሱ ዜና መጻፍ ያስተማረው ልጅ፣ አንድ ቀን ጠራውና «ጋሼ፣ በዚህ ሌባ ዜና ሌላ ጋዜጣ ከቀደመን እርስዎን ወደ አየር ጠባይ ገጽ ማዛወሬ ነው» አለው።

ሳይረን ደሙ ፈላ። «ይሄን ሁሉ ዘመን የለፋሁት ነገ ደመናማ ነው ብዬ ልጽፍ ነው?»

ከዚያ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ተተከለ። የድሮ ወዳጁ ኢንስፔክተሩ፣ ሌባውን የት ሰፈር አድፍጠው እንደሚጠብቁት ሹክ ይለዋል። «እንዳትጽፍ ብቻ!» ሳይረንም አይጽፍም፤ ቃሉ ቃል ነው። ብቻ አመሻሽ ላይ በአጥሩ በኩል ለጎረቤቱ ያወራዋል። ምን ያድርግ? ሚስቱ እንደሆነች ገና አፉን ሲከፍት ሬዲዮኑን ከፍ ታደርግበታለች። ጎረቤቱ ግን መጋረጃ ሰፊ ነው፣ ትሁት፣ ሥራውን አስቀምጦ በጥሞና የሚሰማ።

«አይ ጋሼ! እርስዎ ባይኖሩ ይቺ ከተማ ምን ይውጣት ነበር? ለመሆኑ ነገስ የት ሊጠብቁት ነው?»

ሳይረን አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ሰፈሩንም መንገዱንም ይነግረዋል።

አንድ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ደወለ። የፖሊሶቹ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽታ፣ ባላሰቡት ሰፈር ቆመው ሲጠጋግኑ ሌባው ከመስኮት ወርዶ እላያቸው ላይ አረፈ። «ሌላ ጋዜጠኛ ሳይሰማ ድረስ!»

ሳይረን ጫማውን ሳያስር ሮጠ። ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ካቴና አጥልቆ የተቀመጠው መጋረጃ ሰፊው ነው። ለካ የየቤቱን መስኮት የሚለካው ለመጋረጃ ብቻ አልነበረም!

«ጋሼ፣ ገበያው አካባቢ ነው የሚጠብቁት ብለውኝ አልነበር?» አለው፣ ቅር ብሎት።

ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ ዞረና አየው። ሳይረን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ዜናው ከማንም በፊት እጁ ገባ፤ ግማሹ ግን የራሱ ጉድ ነው። ይደብቀው? ስንቱን ምስኪን የሌባ ጎረቤት «እንዴት አልጠረጠርክም?» እያለ በጋዜጣ መሳቂያ አድርጓል! አላስቻለውም። የኢንስፔክተሩን ስም ብቻ ትቶ የራሱን አንድ ሳያስቀር ጻፈው።

በማግስቱ ጋዜጣው ረፋዱ ላይ ተሸጦ አለቀ። ዋና አዘጋጁ እንባው እስኪወርድ ስቆ «ጋሼ፣ ቦታዎን ማንም አይነካብዎትም» አለው።

ሳይረን ደረቱን ነፍቶ ጣቢያ ሄደ። ኢንስፔክተሩ ቀና ሳይል «ዛሬ ምንም የለም» አለው። በአጠገቡ ሦስት ሰው በካቴና ሲገባ በዓይኑ እያየ! ሌላ ጣቢያ ሄደ፤ ምንም የለም። ሦስተኛው ጋ ዘበኛው ከሩቅ ሲያየው በሩን ዘጋው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ከረመ። የወንጀል ዜና ወንበሩ አለ፣ ወሬ የሚነግረው ሰው ግን የለም።

በሳምንቱ ሳይረን የዋና አዘጋጁ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ያ የአየር ጠባይ ገጽ ሰው ተገኘለት?»

«ምነው ጋሼ?»

«እዚያ እንኳ፣ የሰማሁትን ሁሉ ለጎረቤት ባወራ የሚጎዳ የለም።»