የአባዬ አፍንጫና ደጋፊዎቹ

ሱቁ ውስጥ የነበርነው አምስት ነን። አባዬ ከሚዛኑ ኋላ፤ እማዬ የበርበሬው ጆንያ አጠገብ በርጩማ ላይ፤ ከሱሉልታ ቅቤ የምታመጣልን ሴት ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፤ እኔ ደግሞ መደርደሪያው ሥር።

አባዬ ጉለሌ ውስጥ ቅቤ ሲሸጥ የኖረው በአፍንጫው ነው። ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ባዕድ ነገር ከገባበት የሚለየው ክዳኑ ሲነሳ ነበር። ክረምቱ ላይ የያዘው ጉንፋን ለቀቀው፤ ሽታ ግን አልተመለሰለትም። ጳውሎስ ሆስፒታል ያየው ሐኪም፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነግሮ «ይጠብቁ» አለው። ይህን ከእኛና ከልብስ ሰፊው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ማሽተት የማይችል ቅቤ ነጋዴ መሆኑ ቢሰማ ማን ይገዛዋል?

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ነገር አይደለም፤ በስልኬ ነው ያነበብኩት። አፍንጫ ውስጥ የሽታ ነርቮች ብቻቸውን አይቆሙም። በመካከላቸው ደጋፊ ሴሎች አሉ፤ አካባቢውን ያጸዱላቸዋል፣ ይጠብቋቸዋል። ለደጋፊዎቹም መልእክት የሚያደርሱ፣ ፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁርጥራጮች አሉ። አንደኛው ደጋፊዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ሌላው ደግሞ በሞቱት ፋንታ አዲስ ሴል እንዲወለድ ያነሳሳል። አብዛኛው የተሞከረው በአይጥ ነው፤ ይህንንም ለአባዬ ነግሬዋለሁ።

«ስለዚህ የተጎዱት ነርቮቹ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ደጋፊዎቹ ናቸው» ስለው ልብስ ሰፊው ቀደመው።

«ተጫዋቾቹ ደህና ናቸው፣ ደጋፊው ነው ከስታዲየም የቀረው በለኛ!»

አባዬ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉን ይዞ ቀረ። በማግስቱም በሚቀጥለውም ቀን ሳሙና ያሸትና «ደጋፊዎቹ ዛሬም አልገቡም» ይለኛል። የአይጡን ነገር ግን አንስቶት አያውቅም።

አምስታችን ሱቁ ውስጥ በነበርንበት ዕለት፣ ሴትየዋ ባልዲዋን ስታስቀምጥ ልብስ ሰፊው «ጋሼ፣ ደጋፊው ገባ?» አለው።

«ኳስ አለ እንዴ ዛሬ?» አለች ሴትየዋ።

«አለ እንጂ! ጋሼ ራሳቸው ናቸው ሜዳው» አላትና በራሱ ቀልድ እየተንፈራፈረ ሳቀ። እማዬ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ብትይዝ ምን አለበት!» ብላ ተቆጣችው።

በዚያ ጫጫታ መሃል ክዳኑ ተነሳ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰና ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ኮሰረት» አለ። «ኮሰረት አድርገሽበታል።»

እውነትም ከላይ በሸፈነችው ቅጠል ሥር ኮሰረት ነስንሳበታለች። ሌላ ጊዜ አታደርገውም። እማዬ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሴትየዋ ምን እንደሚያስለቅስ ግራ ገብቷት ቆመች።

እኔ ግን ክዳኑ ከተነሳ በኋላ የሴትየዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «ኮሰረት ጣል አድርጌበት ነው» ያለች መሰለኝ፤ ሳቁ ዋጠው። ያለችው ከአባዬ በፊት ይሁን በኋላ ግን መለየት አልቻልኩም።

ማታ አባዬ ለብቻዬ ጠራኝ። «ሸቶኝ ነው ወይስ ሰምቼ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «ሸቶኛል፣ በቃ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሳሙናውንም ሲያነሳ አላየሁትም። ለመጪው በዓል ከሱሉልታ ብዙ ቅቤ ሊያስመጣ ነው፤ አሽትቶ የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው፣ እማዬም እንድትቀምስለት አልፈቀደም። በሳሉን ለጋ ብሎ ከሸጠ ከበዓሉ በኋላ ደንበኛ አይኖረውም።

እዚያ የነበራችሁ ሦስታችሁ፣ ከእኔ ይልቅ ለባልዲው ቅርብ ነበራችሁ። እማዬ፣ አንቺ ከጎኑ ነበርሽ። ልብስ ሰፊው፣ መቼ መሳቅ እንዳቆምክ አስታውስ። አንቺም የሱሉልታዋ፣ አፍሽን የከፈትሽው እሱ ቀና ከማለቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የበዓሉ ቅቤ ሳይጫን የምታስታውሱትን እዚሁ ጽሑፍ ሥር ጨምሩልኝ።