ጤነኛው ኩሽኔታ

አጎቴን የጋራዡ ሰፈር ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚለው። ሌላው መካኒክ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ወዲህ ወዲያ ሲነቀንቅ፣ እሱ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጥና «እስቲ ንዳው» ይላል። መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ «የኋላ ቀኝ» ብሎ ይፈርዳል። ጎማው ሲፈታ፣ እሱን የሚያሽከረክሩት የኩሽኔታው ኳሶች ተበልተው፣ ግራሶው ደርቆ ይገኛል።

ዕቃ ሲገዛም እንዲሁ ነበር። ባለሱቁ የሚያብረቀርቅ ካርቶን ሲያቀርብለት፣ ኩሽኔታውን አውጥቶ ካርቶኑን ይመልስለታል።

«ጋሼ፣ ካርቶኑንስ?»

«እሱን አንተ ያዘው። እኔ የምገጥመው ብረት ነው።»

ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር በጥፍሩ ይዳብሳል። ቁጥሩ ተቀርጾ ሳይሆን በቀለም ተጽፎ ከሆነ እጁን አራግፎ ይወጣል። ደህና ከመሰለው ደግሞ በጣቱ አሽከርክሮ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። «ጥሩ ኩሽኔታ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ መኖሩ አይታወቅም» ይል ነበር። የሚያስጠጋው ሁልጊዜ ወደ ግራ ጆሮው ነው። ለምን ግራ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

አንድ ሐሙስ አዋላጇ መጣች። የሰፈሩን ግማሽ፣ እኔንም ጭምር፣ ያዋለደችው እሷ ናት። ሰማያዊ መኪናዋን ጠጉሯ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከአጎቴ በቀር የነካት የለም።

«አንተ ጆሮ፣ ይቺ ነገር እንደ ጅብ ታላዝናለች። እስከ ቅዳሜ ካልዳነች ልጄ ለብረት አቅላጭ ይሰጣታል። እኔን ደግሞ ቤት ሊያስቀምጠኝ ነው።»

«እኔ እያለሁ እትዬ?» አላት። ጥቂት እንደነዱ «የፊት ግራ» ብሎ ፈረደ።

አራት ሱቅ ዞሮ፣ ሦስቱን ንቆ፣ ከአራተኛው ገዝቶ ገጠመ። አርብ ረፋድ ላይ ከአዋላጇ ጋር ሊሞክሯት ወጡ። መኪናዋ እንደ ትናንቱ ታላዝናለች።

«መንገዱ ነው» አለ። አዲሱ አስፋልት ላይ ወጡ። ያው ነው። ጋራዡ ሲመለሱ ፊቱ ጠቁሯል፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

አዋላጇ በስተቀኙ ቆማ፣ ጆሮው ሥር ጣቶቿን አፋተገች።

«ይሰማሃል?»

ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ አልነቀለም። ወደ ግራው ዞራ ደገመችው።

«ምን ታደርጊያለሽ፣ እትዬ?»

«ወንድሜ፣ ቀኝህ ሞቷል። ያ ሁሉ መዶሻ! ለአንተ አሁን ድምፅ ሁሉ ከግራ ነው የሚመጣው።»

አጎቴ ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ዳበሰ። በኋላ ግን ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እኔን ነው ለካ!»

«እኔ እንዳንተ ብሳሳት ኖሮ የስንቱን ልጅ ለማን ባስታቀፍኩ!»

ያን ቀን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንኛውም መካኒክ ችግሩን ለመፈለግ ክሪክ አመጣ። የፊት ቀኙን አነሳ። ግራ መዳፉን ከጎማው በላይ ባለው ጥምዝ የብረት ሞላ ላይ አድርጎ፣ ንዝረቱን እየዳሰሰ ጎማውን በቀስታ አዞረው። ዓይኑን ጨፍኗል። «አሸዋ ያኝካል» አለ በሹክሹክታ። ሲፈታ እውነትም ኳሶቹ ተልጠዋል።

አዲሱን ኩሽኔታ ከግራው አውጥቶ ቀኙ ላይ ገጠመው። ከቆሻሻው በርሜል ደግሞ የግራውን አሮጌ ኩሽኔታ ፈልጎ አወጣ፤ በወጣትነቱ ራሱ የገጠመው ነው። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ በመዳፉ ላይ አሽከረከረው። ምንም የለም። «ጤነኛውን ነው የጣልኩት» ብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

ቅዳሜ ጠዋት አዋላጇ እየነዳች ከጎኗ ተቀመጠ። መታጠፊያውን አለፉ፤ አልፈረደም። መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ፣ ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቃት።

«እትዬ፣ ምን ይሰማሻል?»

«ምንም» አለችው፣ ማርሽ እየቀየረች። «እንግዳው ጨዋ ነው።»