ያልተቀመሰው ዳቦ

ኦስሎ ዳርቻ፣ ሆልምሊያ፣ የፎቃችን ደረጃ ላይ የሊጥ ሽታ ሲመጣብኝ አሁንም ቆም እላለሁ። ያን ዓርብ እህቴ ሥጋ የተሞላ ዳቦ በእንፋሎት ታበስል ነበር። ያስተማረቻት ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ፣ አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት። ጾም ስለሆነ ሥጋውን ማንም አልቀመሰም።

«ማሙሽ፣ ጨው ረስቼ ይሆን?» አለችኝ ደጋግማ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

እማዬ አየቻት። «ስለ ጨው ትጨነቂያለሽ? ይልቅ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

«ነገ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ትቀምሱልኛላችሁ።»

ሌሊት ልቧ ቆመ።

ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ወጥ ቤት ገብቼ አንዱን ዳቦ ቆረስኩ። ጨው የሚባል አልነካውም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጨው አለው?» አለችኝ።

«አለው» አልኳት፤ የቀረውንም ቆሜ ጨረስኩት።